ጥቁሩ የክላን አባል እና 38 መልሶች

ሐሙስ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልኬን አነሳሁና አልፎ አልፎ ብቅ የምልበት የፊልም ወዳጆች መድረክ ላይ ገባሁ። አንድ ክር 38 መልስ ሰብስቧል። እዚያ ቤት 38 መልስ የሚሰበሰበው ወይ ተዋናይት ስታገባ ነው ወይ ሰው ሲሰዳደብ። ከፈትኩት። የተኛሁት ሌሊት 9 ሰዓት ነው።

ክሩን የጀመረው ልጅ ብላክክላንስማንን ገና ማየቱ ነው። ስፓይክ ሊ በ2018 ያወጣው፣ ጥቁር ፖሊስ በስልክ የነጭ የበላይነትን የሚሰብከው የኩ ክለክስ ክላን አባል የሚሆንበት ፊልም። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው። ክሩ ላይ አንዱ በእኛ ቆጥሮት ፊልሙ ዘንድሮ የወጣ መስሎት ነበር፣ ሳቁበት።) ልጁ ጥያቄ ይዞ አልመጣም፣ ፈርዶ ነው የመጣው። በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ የሚለው ነገር ለገበያ ነው አለ። ጥቁር ሰው፣ ያውም ፖሊስ፣ ያውም በገዛ ስሙ፣ እነዚያ ሰዎች ዘንድ መታወቂያ ሊወጣለት አይችልም። ኮሜዲ ነው፣ እንደ ኮሜዲ ደግሞ ምርጥ ነው። ያም ሆኖ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ሲያይ ሳቁ እንደጠፋበት አልደበቀም።

1ኛው መላሽ በጨዋ ደንብ ጀመረ። ወንድሜ ብሎ፣ ሰላምታ አስቀድሞ፣ ታሪኩ እውነት መሆኑን አስረዳ። ሮን ስታልወርዝ የሚባል ሰው አለ፣ የኮሎራዶ ስፕሪንግስ ፖሊስ የመጀመሪያው ጥቁር መርማሪ ነው፣ በ2014 ትዝታውን በመጽሐፍ አሳትሟል፣ ፊልሙ ከዚያ ነው የተቀዳው። 2ኛው የሚስቅ ፊት ብቻ ለጥፎ ሄደ።

3ኛዋ አራሚ ናት። በየክሩ አንድ አራሚ አይጠፋም፣ ይህችኛዋ ግን አንብባ የመጣች ናት። ፊልሙ ነገሩን ወደ 70ዎቹ መጀመሪያ ይጎትተዋል፣ እውነተኛው ግን በጥቅምት 1978 ነው የጀመረው። ሮን ያኔ 25 ዓመቱ ነው። ጋዜጣ ሲያገላብጥ የክላን ማስታወቂያ ያያል። ፊልሙ ላይ ወዲያው ስልኩን ያነሳል። በእውነቱ ግን ደብዳቤ ነው የጻፈው፣ ወደ ፖስታ ሳጥን ቁጥር፣ መልስ ይመጣል ብሎም እምብዛም ስላልጠበቀ በእውነተኛ ስሙ ፈረመ። ከጊዜ በኋላ ስልኩ ጮኸ። የደወለው የአካባቢው የክላን አደራጅ ነው። እንግዲህ ስሙን ሊቀይር ያልቻለው ጀግና ስለሆነ ሳይሆን ስለተሳሳተ ነው ስትል ዘጋችው። በአካል መሄድ ሲያስፈልግ ነጭ ባልደረባው በእሱ ስም ይሄድለታል። በስልክ ሮን፣ በአካል ሌላ ሮን።

እዚህ ላይ ጀማሪው ልጅ ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም፣ ግን መታወቂያውስ ብሎ ጠየቀ። 4ኛው መለሰለት። መታወቂያው ሲዘገይ ሮን ራሱ ሉዊዚያና ደውሎ የክላኑን አለቃ ዴቪድ ዱክን አጣደፈው። ካርዱ በዱክ ፊርማ መጣ። ሮን ዛሬም ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የስልክ ወዳጆች ሆኑ፣ ዱክ ያምነዋል፣ ያወራዋል። አንድ ቀን ሮን ጥቁር ሰው ነጭ መስሎ ቢደውልልህስ ብሎ ጠየቀው። ዱክ ጥቁርን በአነጋገሩ፣ በተለይ አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ጫፍ ላይ በሚጨምራት ድምፅ እንደሚለየው ለራሱ ለሮን በኩራት አስተማረው።

ይህቺ ነገር ክሩን ወደ ሌላ መንደር ወሰደችው። 5ኛው የመጽሐፈ መሳፍንትን ምዕራፍ 12 አመጣ፣ ዲያቆን ሳይሆን አይቀርም። ገለዓዳውያን ዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ቆመው ሺቦሌት በል ይሉ ነበር፣ ኤፍሬማዊው ሲቦሌት ካለ አለቀለት፣ 42 ሺህ ሰው ወደቀ። 6ኛው በዚያ ላይ ቀልድ ጨመረ። ፈረንጅ እኛ ውስጥ ሰርጎ ቢገባ ጭቅጭቅ በል ማለት ይበቃል አለ። 7ኛው ደግሞ ቆቅ ጠብሶ ጠጣ የሚለውን ቢያስብሉትስ ብሎ ጠየቀ። ጎጃሜና ወሎዬ በምን ይለያል ወደሚለው ሊያመሩ ሲሉ 8ኛዋ መጣች።

8ኛዋ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ስሟ ሣራ ነው፣ እንግሊዝኛዋ እዚያው ያደገችበት ነው። አፓርታማ ልትከራይ ትደውላለች። ሰውየው በስልክ ማር ነው። ክፍት ነው፣ ኑ፣ ዛሬውኑ እዩት። 20 ደቂቃ ነድታ ትደርሳለች። አያትና አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ ሰው ወሰደው ይላታል። እሷ የምታየው ቁልፉን ነው። ጠረጴዛው ላይ፣ ቢጫ ወረቀት ታስሮበት፣ የክፍሉ ቁጥር ተጽፎበት ተቀምጧል። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ነጭ የሥራ ባልደረባዋን አስደወለች። ክፍት ነው፣ ኑ። ለማን አቤት እንዳለች አልጻፈችም። የጻፈችው ፊልሙን ያየችበትን ስሜት ነው፦ ሰው ሁሉ ዱክ በስልክ ሲሸወድ ሲስቅ፣ እሷ ስልክ ላይ ነጭ መሆን ምን ያህል ቀላል እንደሆነና ደረጃውን መውጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እያሰበች ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት መልስ የእሷው ዓይነት ነው። የጥሪ ማዕከል የሚሠራው ስሙን ያሳጠረ ልጅ፣ ማመልከቻ ላይ ስሙን ቀይሮ የተጠራ፣ ዱባይ ሆኖ ከየት ነህ ሲሉት ዝም የሚል። በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነበር።

12ኛው ሲጽፍ አየሩ ተለወጠ። ሁሉም ጋሼ የሚሉት ሰው ነው፣ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ኮማ የማይወድ። ጠቅለል ሳደርገው፣ እሱ ይህን ፊልም ሲያይ ማጨብጨብ አልሆነለትም። ሮን ስታልወርዝ ያንን ደብዳቤ በጻፈበት ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ሰው ከገዛ ወንድሙ ጋር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። ቀይ ሽብር ገና ከመንገድ አልታጠበም። በስም ሌላ፣ በሥራ ሌላ ሆኖ ስብሰባ የሚገባን ሰው እኛ የምንጠራው ጆሮ ጠቢ ብለን ነው እንጂ ጀግና ብለን አይደለም አለ። ዓላማው ጥሩ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ የእኛዎቹም እንዲሁ ነበር የሚሉት።

እኔ ጆሮ ጠቢ የሚለውን ቃል ሳነብ ቆም አልኩ። ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አንድም ጊዜ አልመጣልኝም። ልክ ነው ወይ? ሙሉ በሙሉ አይመስለኝም። ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

13ኛው የጋሼን ሐሳብ አሜሪካ ውስጥም ያነሳው ሰው እንዳለ አስታወሰ። ቡትስ ራይሊ የሚባለው ጥቁር ዳይሬክተር ፊልሙ በወጣበት ወር ረጅም ትችት ጽፎ ነበር። ፖሊስን የጥቁሮች አዳኝ አድርጎ ያቀርባል፣ ጀግና የሚያደርጋቸው የቦምብ ሴራ ደግሞ እውን ያልነበረ ፈጠራ ነው የሚል ነው ነገሩ። እውነት ነው፣ ቦምብ አልነበረም። ሮንም ቢሆን በስውር ሥራ መጀመሪያ የተላከው ክላን ዘንድ አይደለም። የጥቁሮች መብት ታጋዩ ክዋሜ ቱሬ ከተማው መጥቶ ሲናገር አዳምጥ ተብሎ ነው የተላከው። ይህ ፊልሙ ላይም አለ፣ ግን ሙዚቃው ስለሚያምር ያልፋል።

14ኛው ተናደደ። ታዲያ ክላንን ማን ያስቁም፣ የፊልም ዳይሬክተር? ብሎ ጠየቀ። ምርመራው ወራት ወስዷል፣ ሮን እንደሚለው መስቀል ለማቃጠል የታሰበው ተስተጓጉሏል፣ ከአባሎቹ መካከል የጦሩ ሰዎች ተገኝተዋል። ያውም ሁለቱ በኖራድ፣ ሰማዩን በሚጠብቀው የአየር መከላከያ ማዕከል፣ ከፍተኛ ምስጢር የሚነካ ሥራ ላይ ነበሩ። ተነስተው ተዛወሩ። ይህ ጆሮ መጥባት ከሆነ ይጠባ አለ። 15ኛዋ ቀዝቀዝ አድርጋ መለሰችለት፦ አንድ ሰው እንኳ ታስሯል? አልታሰረም። የፖሊስ አለቃው ደግሞ ፋይሉን አጥፋው ብሎ አዘዘ፣ ሮን የተወሰነውን ደብቆ ቤቱ ወሰደ፣ ለዚህም ነው ታሪኩ የተረፈው። ከ2006 በፊት ለሕዝብ አልተናገረም። 14ኛው ለዚህ መልስ አልነበረውም፣ አንድ የተቆጣ ፊት ብቻ።

16ኛው ማስታረቅ ፈልጎ መሰለኝ ሃሪ ቤላፎንቴን አነሳ። ፊልሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በ1916 ቴክሳስ፣ ዌኮ ከተማ ላይ በአደባባይ ተሰቃይቶ ስለተቃጠለው ስለ ጄሲ ዋሽንግተን በዝግታ ይናገራል። ወጣቶቹ ትንፋሽ አጥተው ይሰማሉ። በሌላ ክፍል ክላኖቹ በ1915 የተሠራውን፣ እነሱን ያነቃውን ድምፅ አልባ ፊልም እያዩ ያጨበጭባሉ። ያ ሽማግሌ ቤላፎንቴ ነው። በእኛ በ77 ድርቅ ጊዜ የአሜሪካ ዘፋኞች ተሰብስበው ለእኛ እንዲዘፍኑ ሐሳቡን የጀመረው እሱ ነው፣ በ1985 ራሱም ከእርዳታው ጋር መጥቷል። 16ኛው ይህን ሲጽፍ እናቱ የዚያ ጊዜ ብስኩት ጣዕም እስከዛሬ እንደምታስታውስ ጨመረ። አሥራ አንድ ሰው ልብ ሰጠው። ክሩ ላይ ከፍተኛው ነው።

17ኛዋ ከእስራኤል ናት፣ ከነታንያ። ስለ ፍሊፕ ነው የጻፈችው፣ አዳም ድራይቨር ስለተጫወተው ነጭ ፖሊስ። ፊልሙ አይሁዳዊ አድርጎታል፣ እውነተኛው ሰው አይሁዳዊ አልነበረም ይባላል። ፍሊፕ ሃይማኖቱን ሳያጠብቅ ያደገ ሰው ነው፣ አይሁዳዊነቱን አስቦት አያውቅም። ክላኖቹ መሐል ተቀምጦ ዘሩን ሲሳደቡ ከሰማ በኋላ ግን ሌላ ማሰብ አልቻለም። እሷ ይህን ትዕይንት ስታይ ቀናችበት። እሱ መደበቅ ይችላል። አባቷ ጎንደር ሳለ ፈላሻ እየተባለ አደገ፣ ኢየሩሳሌም ደረስኩ ብሎ መሬት ሳመ፣ ልጁ ደግሞ በቆዳዋ ቀለም ስድብ ተጠራች። በ2015 ወታደር ልብስ የለበሰ ልጃችን በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ያየን ሰዎች ነን፣ በ2019 ደግሞ ሰሎሞን ተካ በፖሊስ ጥይት ሲወድቅ መንገድ ዘግተናል አለች። ስለዚህ ፖሊስን አዳኝ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም ስታይ እሷም እንደ ጋሼ ትንሽ ትቆጠባለች። ቀጥሎ ማንም የረባ ነገር አልመለሰላትም። አንዱ አይዞሽ አለ። ይገርመኛል፣ ክር ላይ ከባዱ ነገር ሁሌም ያለ መልስ ነው የሚያልፈው።

18ኛው እዚያ ላይ ገብቶ ስለ ኦስካር መጻፉ ደንታ ቢስነት አይደለም ትላላችሁ? ስፓይክ ሊ ለስክሪፕቱ ኦስካር አግኝቷል፣ በውድድር ያገኘው የመጀመሪያው ነው፣ በካን የፊልም ፌስቲቫልም ግራንድ ፕሪ ወስዷል፣ ምርጥ ፊልም ሲባል ግን ሌላ ተጠራና ተቆጥቶ ሊወጣ ነበር። እሺ። አልፈነዋል።

20ኛው አሳቀኝ። አሜሪካ ደቡብ ውስጥ፣ ትንሽ ከተማ ነው የሚኖረው። ለፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው፣ ሁሉም ነጭ ነጠላ ተከናንበው፣ ጧፍ ይዘው፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመዋል። ጎረቤት ያሉት ጥቁር አዛውንት መጋረጃ ገለጥ አድርገው አዩ። ነጭ ልብስ፣ እሳት፣ ሌሊት። በማግስቱ ያንን ሲያወሩት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ቀጥሎ ግን የቀረበላቸውን ዶሮ ወጥ በሁለት እንጀራ ጨረሱ። አሁን በየዓመቱ ይመጣሉ፣ ነጠላም ገዝተውላቸዋል።

ከ21 በኋላ ክሩ ተበላሸ። መነሻው ንጹህ ነበር። አንዷ ፊልሙን ወደ አማርኛ ልተርጉመው ብል ሬሲስት የሚለውን ምን ልበለው ብላ ጠየቀች። ዘረኛ በላ አሏት። ችግሩ እዚያው ላይ ነው፣ ዘረኛ ስንል እኛ አገር ሰው የሚረዳው የብሔር ጉዳይ ነው፣ በቆዳ ቀለም የሚፈርድን ሰው አይደለም። ዘር ማለት ስንዴም ነው፣ ትውልድም ነው፣ ብሔርም ነው። 22ኛው የቀለም ዘረኛ ብትይውስ አለ። 23ኛው ፈረንጅ የፈጠረውን በፈረንጅ ቃል ተይው አለ። እስከዚህ ጥሩ ነው። 24ኛው ግን በዱክ የሚስቅ ሁሉ ፌስቡኩን ከፍቶ ትናንት ማታ ስለ ሌላው ብሔር የጻፈውን ያንብብ አለ። 25ኛው ማንን ነው የምትለው አለ። 24ኛው ራሱን የጠረጠረ ይመልስ አለ። 26 እና 27 አሁን የሉም፣ በቦታቸው ተሰርዟል የሚል ግራጫ ጽሑፍ አለ። 28ኛው አስተዳዳሪው ነው። ስለ ፊልሙ ብቻ፣ ሁለተኛ አልናገርም አለ። የተሰረዙትን ሳላነብ መቅረቴ እንዳናደደኝ አልዋሽም።

30ኛዋ ያን ሁሉ እንዳላየች ሆና ጻፈች። በ80ዎቹ ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ተማሪ ነበረች። ዴቪድ ዱክን ፊልሙ ላይ ስታይ እንደ ሌላው ሰው አልሳቀችም። ምክንያቷን በዝግታ አስቀመጠች፣ እኔም እንደሷ ላስቀምጠው።

ሮን በሚደውልበት ጊዜ፣ የዱክ ክላን የካሊፎርኒያ ቅርንጫፍ መሪ ቶም ሜትዝገር የሚባል የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር። በ1977 ከዱክ ጋር ሆነው በሜክሲኮ ድንበር ስደተኛ እንይዛለን ብለው የወጡ ሰዎች ናቸው። ሜትዝገር በኋላ ከክላን ወጥቶ የራሱን ነጭ አርያን ሬዚስታንስ የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ካባውን ጣለ፣ ራሳቸውን የተላጩ ወጣቶችን መመልመል ጀመረ። ወኪሉን ፖርትላንድ ላከ። ኅዳር 13፣ 1988 ሌሊት፣ ለትምህርት የመጣው የ28 ዓመቱ ሙሉጌታ ሥራው ከጓደኞቹ መኪና ወርዶ ወደ ቤቱ ሊገባ ሲል ሦስት የተላጩ ልጆች ደረሱ። በቤዝቦል ዱላ ገደሉት። ሜትዝገር ደግሞ ድርጅቱ በሚያሠራጨው የስልክ መልእክት ልጆቹ የዜግነት ግዴታቸውን እንደተወጡ ተናገረ። በ1990 ፍርድ ቤት ቀረበ። የላከው ወኪል ራሱ መሰከረበት። ሜትዝገር፣ ልጁ፣ ድርጅቱና ከገዳዮቹ ሁለቱ በአጠቃላይ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ለሟቹ ቤተሰብ እንዲከፍሉ ተፈረደ። ቤቱን አጣ፣ ድርጅቱ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልቆመም።

እንግዲህ አለች እናታችን፣ ፊልሙ ላይ ሰዎች ሲስቁ ያ ስልክ ወዴት ወዴት እንደሚደውል አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። ሙሉጌታን አላውቀውም ነበር፣ ግን በዚያ ሳምንት ሐበሻ ሁሉ በር ሲቆልፍ ሁለት ጊዜ ይጎትት ነበር።

31ኛው ጀማሪው ልጅ ነው። ይህን ታሪክ ሰምቶት እንደማያውቅ ጻፈ። አዲስ አበባ ነው ያደገው፣ ማንም አልነገረውም። 32ኛው፣ ያ ለጆሮ መጥባት ይጠባ ያለው ሰው፣ ወደ ጋሼ ዞረ። ያ ወኪል ባይናገር፣ ውስጥ የነበረ ሰው ባይመሰክር፣ ሜትዝገር እጁን ታጥቦ ይቀር ነበር አላቸው። ያሸነፈ መስሎት ነበር። ጋሼ በ33 መለሱ፦ እሱ ልጄ የራሱን ወገን ከድቶ በችሎት፣ በስሙ፣ ፊቱን አሳይቶ ነው የተናገረው፣ ጆሮ ጠቢ እንደዚያ አያደርግም። ልዩነቱ ይገባሃል ብዬ አምናለሁ። ገባው መሰለኝ፣ ቢያንስ አልመለሰም። እኔ እዚህ ላይ ለጋሼ ነው ነጥቡን የሰጠሁት።

34ኛዋ የፊልሙ መጨረሻ ለምን እንዲያ እንደሆነ ከዚህ ጋር አገናኘችው። በነሐሴ 2017 ቻርሎትስቪል ላይ የነበረው ሰልፍ፣ ችቦ የያዙት፣ መኪናው ሕዝቡ ላይ የሄደበት፣ ሄዘር ሄየር የሞተችበት፣ ሁሉም እውነተኛ ምስል ነው። ዱክም ራሱ አለ፣ ተዋናዩ ሳይሆን እውነተኛው፣ አርጅቶ። ፊልሙ በአሜሪካ የወጣው ልክ በዓመቱ ዋዜማ ነው። ጀማሪው ልጅ ሳቁ የጠፋበት ቦታ ያ ነበር።

35 እና 36 ነፍስ ይማር የሚሉ ናቸው።

37ኛው ፖርትላንድ ታክሲ ይነዳል። ከቦታው በሳምንት ሦስት አራቴ ያልፋል፣ 31ኛ ጎዳናና ፓይን የሚገናኙበት። ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፣ ዛፍ የበዛበት፣ መኪና ማቆሚያ የማይገኝበት። በ2018፣ በ30ኛ ዓመቱ፣ ከመንገዱ ስም ሰሌዳ በላይ ትንሽ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ስሙ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ተጽፎበታል። ደንበኞቹ አንዳንዴ ያ ምን ጽሑፍ ነው ብለው ይጠይቁታል። ያነብላቸዋል። አንዱ ተሳፋሪ አንድ ጊዜ መልሶ ለመጥራት ሞክሮ ጌ ላይ ተሰናክሏል፣ ሦስት ጊዜ አስደገመው።

38ኛው ምንም ሳያነብ የገባ ነው። ፊልሙን በአማርኛ ጽሑፍ ከየት ነው የማወርደው አለ።